የእንጀራ መኪና ይዞ ውድድር መግባት

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የ2010 ቶዮታ ያሪስ አለችኝ፤ ሀችባክ፣ ማንዋል። ሥራ የምሄደው በሷ ነው። ማታ ማታ ደግሞ ዴሊቨሪ እሠራባታለሁ። የመኪና ውድድር ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ፤ አንድ ቀን ራሴ ልሞክረው ብዬ ለጓደኞቼ ብነግራቸው ሳቁብኝ። አንዱ ‹በዚች መኪና? መጀመሪያ ሞተሯን አሠራ፣ ሞላና ጎማ ቀይር› አለኝ። ሌላው ‹ፉል ኢንሹራንስ አለህ፣ ምን አስፈራህ፣ ቀጥታ ትራክ ግባ› ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ቅዳሜ ሌሊት ልጆች ተገናኝተው የሚሽቀዳደሙበት ቦታ ሊወስደኝ ነው። ከየት ልጀምር? መኪናዋንስ ምን ላድርጋት?»

ሦስቱም ጓደኞችህ ተሳስተዋል። የሦስተኛው ስህተት የባሰ ስለሆነ ከሱ እንጀምር።

ቨርጂኒያ ውስጥ ከፍጥነት ወሰኑ 20 ማይልና ከዚያ በላይ አልፎ መንዳት፣ ወይም የትኛውም መንገድ ላይ ከ85 ማይል በላይ መብረር ተራ የትራፊክ ቅጣት አይደለም። በወንጀል ያስከስሳል። እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ሊያመጣ ይችላል። መንገድ ላይ መሽቀዳደም ደግሞ መንጃ ፈቃድም ያስነጥቃል። መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ዴሊቨሪ አይሠራም። የዜግነት ማመልከቻ ገና ያልሞላህ ከሆነ ደግሞ ቅጹ ላይ «ታስረህ፣ ተከሰህ ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ እንደሚጠብቅህ አትርሳ። ይህ ሁሉ ቀርቶ መንገዱ ላይ ከሌሊት ፈረቃ የሚመለሱ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ይህን ምርጫ ዘግተን እንለፍ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንተ «ውድድር» ስትል በአእምሮህ ያለው ሃያ መኪና ጎን ለጎን ሲጋፋ ይመስለኛል። ጀማሪ ከዚያ አይጀምርም። በራሱ የዕለት መኪና ለሚመጣ ሰው በተግባር ሁለት በር አለ። አንዱ አውቶክሮስ ነው። ሌላው ትራክ ዴይ የሚባለው፣ በእውነተኛ የውድድር ሜዳ ላይ ያለ ሰዓትና ያለ አሸናፊ መንዳት ነው። ጓደኛህ «ቀጥታ ትራክ ግባ» ሲል ሁለቱ አንድ መስለውታል። ሰማይና ምድር ናቸው።

አውቶክሮስ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ወይም አሮጌ የአውሮፕላን ማረፊያ አስፋልት ላይ ይካሄዳል። መንገዱን የሚሠሩት ብርቱካናማ የፕላስቲክ ኮኖች ናቸው። ውድድሩ ከሰዓት ጋር ነው። ሜዳው ላይ የሚለቀቁት መኪኖች በሰፊ ርቀት ተለያይተው ስለሆነ የሚጋፋህ ሰው የለም። አንድ ዙር ብዙ ጊዜ አንድ ደቂቃ አካባቢ ነው። በቀን ጥቂት ዙር ትነዳለህ። ኮን ከገጨህ ለእያንዳንዱ 2 ሴኮንድ ሰዓትህ ላይ ይደመራል። በር፣ ማለትም በመሐላቸው ማለፍ ያለብህን ሁለት ኮኖች፣ ከሳትክ ዙሩ አይቆጠርልህም። ፍጥነቱ ሀይዌይ ላይ በየቀኑ ከምትነዳው አይበልጥም፤ ያንተ መኪና አንደኛ አስገብታ ትነሳለች፣ ሁለተኛ ትገባለች፣ እዚያው ሁለተኛ ላይ ትጨርሳለች። ስትሳሳት ጎንህን የሚመታህ ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህን በሰፊው የሚያካሂደው በ1944 የተመሠረተው የስፖርት መኪና ክለብ፣ ኤስሲሲኤ ነው። ፕሮግራሙን «ሶሎ» ይለዋል። አንተ ያለህበት አካባቢ የዋሽንግተን ዲሲ ሪጅን የሚባል ቅርንጫፍ አለው። ሌሎች የመኪና ክለቦችም ያዘጋጃሉ። መግቢያው እንደ ክለቡ ይለያያል፤ ከ50 እስከ 80 ዶላር አካባቢ ያዝ። አባል ካልሆንክ ለዚያ ቅዳሜና እሁድ የሚሆን ጊዜያዊ አባልነት ይሰጡሃል።

አንድ ነገር ግን ማንም አይነግርህም፦ ስትነዳ የምትቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። የቀረውን ጊዜ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰህ ፀሐይ ላይ ቆመህ፣ ሌላው የገጨውን ኮን እየሮጥክ ታነሳለህ። ግዴታ ነው፤ ሳትሠራ ከሄድክ ውጤትህ ይሰረዛል። ኮፍያ፣ ውሃና ምሳ ይዘህ ሂድ። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲያይ በሁለተኛው ቀን አይመለስም። እኔ ግን ኮን ማንሳቱን እወደዋለሁ። ጎበዝ ሹፌር የት ጋ ፍሬን እንደሚይዝ፣ ጀማሪው ደግሞ የት ጋ ዘግይቶ እንደሚደናገጥ ቆመህ የምታየው ያኔ ነው።

አሁን የመጀመሪያው ጓደኛህ። «በዚች መኪና?» ያለህ መኪናዋን ስላላወቃት ነው። ያሪስህ አዲስ አበባን ያጥለቀለቀችው ቪትዝ ናት። 1.5 ሊትር ሞተር፣ 106 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቷም ከአንድ ቶን እምብዛም አያልፍም። አዲስ አበባ ላይ ቪትዝ ነድተህ አቀበት ላይ ስታቃስት አይተህ ከሆነ ጥፋቱ የሷ ብቻ አልነበረም። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ቨርጂኒያ ላይ ያቺው መኪና ሌላ ናት። ቢሆንም ፈጣን አይደለችም፤ ለጀማሪ ጥቅሙም ይኸው ነው። ኃይለኛ መኪና የሹፌሩን ስህተት ይሸፍንለታል። ኩርባውን አበላሽቶ ይወጣና ነዳጅ ረግጦ የጠፋውን ሰዓት ያስመልሳል። ያንተ መኪና ይህን አታደርግልህም። ኩርባ ላይ አላግባብ የጣልከው ፍጥነት እስከ መጨረሻው ኮን ድረስ አይመለስም። ስለዚህ ፍጥነትን ማትረፍ ከመጀመሪያው ቀን ትማራለህ።

በጉልበት ትበለጣለህ ብለህም አትስጋ። መኪኖች በክፍል ይመደባሉ። ያልተነካካ ተራ ትንሽ መኪና ብዙ ጊዜ የሚገባው ኤች ስትሪት የሚባለው ክፍል ነው። ከሌላ ክፍል ጋር ስትነጻጸር ደግሞ ሰዓትህ በማባዣ ይባዛል። ለምሳሌ የክፍልህ ማባዣ 0.78 ከሆነና 60 ሴኮንድ ከገባህ፣ የሚታሰብልህ 46.8 ነው። ማባዣው 0.84 የሆነ የስፖርት መኪና 56 ሴኮንድ ቢገባ 47.04 ይሆናል። አራት ሴኮንድ ቀድሞህ ተበለጠ ማለት ነው። የመቶ ሺህ ብር ሳይሆን የመቶ ሺህ ዶላር መኪና ይዞ የመጣ ሰው በአሮጌ ሀችባክ ተበልጦ ሰሌዳው ላይ ሲያፈጥ ማየት የዚህ ስፖርት አንዱ ደስታ ነው።

ሞተር ማሠራት፣ ሞላ መቀየር ያለህን ደግሞ እርሳው። መጀመሪያ፣ ክፍልህን ይቀይርብሃል። በተፈቀደው ዝርዝር የሌለ አንድ ዕቃ ስትቀይር መኪናቸውን ካሠሩ ሰዎች ጋር ልትደባለቅ ትችላለህ። ሁለተኛ፣ የተማርከው ካንተ ይሁን ከዕቃው መለየት ያቅትሃል። ሦስተኛው በትንሽ መኪና ላይ ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ እሱን ረጋ ብዬ ላስረዳህ።

ትንንሽ ሀችባኮች ጠባብና ቁመታቸው ከፍ ያለ ናቸው። መኪና መንሸራተቱን ትቶ የሚገለበጠው መቼ እንደሆነ በግምት የሚነግር ቀላል ሒሳብ አለ። በግራና በቀኝ ጎማ መሐል ያለውን ስፋት ለሁለት ትከፍላለህ፤ ውጤቱን መኪናው የክብደቱን መሐል በተሸከመበት ከፍታ ታካፍላለህ። ዝቅ ያለ የስፖርት መኪና 1.4 እና ከዚያ በላይ ይሆናል። ቁመቱ ከፍ ያለ መኪና ወደ 1.2 ይወርዳል። ተራ የአራቱ ወቅት ጎማ የሚይዘው በዚሁ መለኪያ 0.8 አካባቢ ነው። ስለዚህ ጎማው መያዙን ቀድሞ ይለቃል፤ መኪናው ይንሸራተታል፣ አይገለበጥም። አሁን በጣም የሚይዝ የውድድር ጎማ ግጠምላት። መያዣው ከ1.0 ያልፋል። በዚያ ላይ መኪናዋን በኮኖች መሐል ግራ ቀኝ ስታወዛውዛት የተረፈው ክፍተት ይጠብባል። ርካሽ ጎማ ለጊዜው የደህንነት ቀበቶህ ነው።

በዚሁ ምክንያት አዘጋጆች ረጃጅምና ጠባብ መኪኖችን የመከልከል ደንብ አላቸው። ኤስዩቪና ሚኒቫን ብዙ ጊዜ አይገቡም። ከትንንሾቹም የሚከለከሉ አሉ። ያንተዋ ከነሱ ትመደብ እንደሆነ ከመክፈልህ በፊት የመኪናዋን ዓመትና ሞዴል ጽፈህ አዘጋጁን ጠይቅ። ከፍ የሚያደርግ ሞላ ካለባት ደግሞ መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ፤ እምቢ ይሉሃል።

መኪናዋን ምን ላድርጋት ላልከው መልሱ ጥገና ነው። የፍሬን ዘይቷ መቼ እንደተቀየረ ካላወቅክ አስቀይር። ሸራዎቹ ምን ያህል እንደቀራቸው አሳይ። የጎማ ዳዶዎቹን በቶርክ መፍቻ በ103 ኒውተን ሜትር፣ ማለትም በ76 ፓውንድ ጫማ አጥብቅ። ጎሚስታው በኤር መሣሪያ «ጠበቅ አድርጌዋለሁ» ያለህን አትመን። ባትሪዋ በእጅ ስትነቀንቀው ከተነቃነቀ ፍተሻውን አያልፍም። ዘይት ማንጠባጠብ፣ የላላ ቡሽ፣ ስትረግጠው ወደ ታች የሚሰምጥ የፍሬን ፔዳልም እንደዚሁ።

ውስጧን ባዶ አድርጋት። የዴሊቨሪውን ቦርሳ፣ የልጅ ወንበሩን፣ ክሪኩን፣ የሹፌሩን ምንጣፍ ሁሉ አውጣ። መስታወቱ ላይ መቁጠሪያ ከሰቀልክ አውርደህ ኪስህ ክተተው። ከወንበር ሥር የተረሳችውን የውሃ ጠርሙስ በተለይ ፈልግ። ፍሬን ስትይዝ ተንከባልላ ፔዳሉ ሥር የምትወሸቀው እሷ ናት። ሄልሜት ክለቡ የሚቀበለው የደህንነት ደረጃ ምልክት፣ ለምሳሌ የስኔል፣ ያለበት መሆን አለበት። ለጀማሪ ግን ብዙ ክለቦች ያውሳሉ፤ ለመጀመሪያው ቀን አትግዛ። የተሸፈነ ጫማ አድርግ።

የጎማ ንፋስ ላይ አንድ ዘዴ አለች። በር ላይ ከተጻፈው ልክ የፊቶቹን 5 ወይም 6 ፒኤስአይ ጨምር፤ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ግን አትለፍ። ከዚያ በጠመኔ ከጎማው ጠርዝ ወደ ጎኑ ወረድ የሚል መስመር በሦስት ቦታ አስምር። አንድ ዙር ነድተህ ስትመለስ መስመሩን እይ። ጠመኔው ጠርዙ ላይ ብቻ ከጠፋ ጥሩ ነው። ጎኑ ድረስ ወርዶ ከጠፋ ጎማው እየታጠፈ ነው፤ ንፋስ ጨምር። ወደ ቤት ስትመለስ ወደ ልኩ መልሰው።

ዕለቱን ደግሞ በእግር ጀምር። ከመንዳት በፊት መንገዱን በእግር የሚያዩበት ሰዓት ይሰጣል። ጀማሪው ከጓደኛው ጋር እያወራ አንዴ ዞሮ ይወጣል። አንተ ብቻህን ሁለት ሦስቴ ዙረው። ቁመህ ሳይሆን እንደ ሹፌር ዝቅ ብለህ እየው፤ ኮኖቹ ከመኪና ውስጥ ሲታዩ ግድግዳ ነው የሚመስሉት። ከዚያ አሰልጣኝ ጎንህ እንዲቀመጥልህ ጠይቅ። ለጀማሪ ብዙውን ጊዜ በነፃ ነው። ሳይጠይቁ የሚቀሩት ሰዎች ለምን እንደሚያፍሩ አይገባኝም።

የመጀመሪያው ዙር እንዲህ ይሆናል። ባንዲራ ይወርዳል፣ ፍሪሲዮን ትለቃለህ፣ ልብህ ይደልቃል። ወደ መጀመሪያው ኩርባ በጣም ፈጥነህ ትገባለህ። መሪውን ትጠመዝዛለህ፣ መኪናዋ ግን ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ ጎማው ይጮኻል። አንተም መሪውን ይበልጥ ታጥፋለህ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የፊት ጎማዎችህ ይጎትታሉ፣ ይታጠፋሉ፣ ከፍሬኑም አብዛኛውን ይሸከማሉ። አቅማቸው ካለቀ በኋላ መሪ ብትጨምርላቸው የሚጨምሩት ጩኸት ብቻ ነው። ነዳጁን በመጠኑ ቀንስ፣ መሪውን ትንሽ መልስ፣ ጎማው ይይዛል። ፍሬንህን ቀጥ ባለው ላይ ጨርስ፣ ከዚያ ታጠፍ። ኩርባ መሐል ላይ ደንግጠህ ነዳጁን ባንዴ ከለቀቅክ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ይቀላል፣ መኪናዋ ልትዞርብህ ትችላለች። ዓይንህ ያለህበትን ኮን ሳይሆን ቀጣዩን ይይ። ይህችን የመጨረሻዋን ብቻ ብትይዝ እንኳ ከሰዓትህ ሴኮንዶች ትቀንሳለህ።

ወደ ሁለተኛው ጓደኛህ ልምጣ። ትራክ ዴይ መጥፎ ነገር አይደለም። በአካባቢህ ያለው ሰሚት ፖይንት፣ ዌስት ቨርጂኒያ ነው። ዋናው ሜዳ 2 ማይል ርዝመትና 10 ኩርባ አለው። ረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ ላይ ከባድ ፍሬን ይጠይቃል። ችግሩም እዚያ ነው። ፍሬን የሚውጠው ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። አውቶክሮስ ላይ አንድ ደቂቃ ነድተህ ቆመህ ታቀዘቅዛለህ። ትራክ ላይ ግን ሃያ ደቂቃ ያህል ሳታቋርጥ ትነዳለህ። መኪናህ ከፊት መጠነኛ ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡሮ ነው ያላት። አዲስ ዶት 3 የፍሬን ዘይት እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል። ከአየር እርጥበት እየጠጣ ሲያረጅ ግን የሚፈላበት ሙቀት ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይፈጥራል፤ ፔዳሉ ወለል ይደርሳል፣ መኪናዋ ግን አትቆምም። ሜዳው ዳር ያለው ደግሞ ኮን አይደለም፤ መከለያ ነው። ብዙ ሜዳዎች የሰበርከውን መከለያ ያስከፍሉሃል።

«ፉል ኢንሹራንስ አለህ» ያለህን ከማመንህ በፊት ፖሊሲህን አውጥተህ አንብበው። አብዛኞቹ የግል መኪና ፖሊሲዎች ለውድድር ወይም ለውድድር ልምምድ የሚደርስን ጉዳት አይሸፍኑም። አንዳንዶቹ የውድድር ሜዳ ውስጥ የሚሰጥን የአነዳድ ሥልጠና ጭምር ያገልላሉ። ለአንድ ቀን ትራክ የሚሸጥ የተለየ ኢንሹራንስ አለ። ክፍያውና መጀመሪያ ከኪስህ የሚወጣው ሲታሰብ ግን ዋጋዋ ዝቅተኛ ለሆነ አሮጌ ያሪስ አያዋጣም። አውቶክሮስም ላይ ቢሆን የክለቡ ኢንሹራንስ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት እንጂ ያንተን መኪና አይጠግንም። እዚያ የሚያድንህ አደጋው ትንሽ መሆኑ ነው። እግረ መንገዴን፣ ዴሊቨሪ እንደምትሠራ ለኢንሹራንሱ ነግረሃል? ካልነገርክ ከውድድሩ ይልቅ እሱ ያሳስበኛል። ብዙ ፖሊሲ ምግብ እያደረሱ ለሚደርስ አደጋም አይከፍልም።

እንግዲህ ምክሬ ይኸው። በሚቀጥለው የአውቶክሮስ ቀን በጀማሪ ምድብ ተመዝገብ፤ መኪናዋን እንዳለች ይዘህ ሂድ። ለሞተርና ለሞላ ልታወጣ የነበረውን ገንዘብ ለፍሬን ዘይት፣ ለሸራና ለመግቢያ አድርገው። አንድ ሙሉ ወቅት ምንም ሳትቀይር ንዳ። ያቺ መኪና አንድ ራሷን ሆና እያበላችህ እስካለች ድረስ ትራክ አታስገባት። ሰኞ ጠዋት ሥራ የሚያደርስህ ሌላ መኪና ሲኖርህ ያኔ እናወራለን። ማግስቱን የማታ ሥራ ካለህም በአውቶክሮሱ ቀን ምሽት ሸራውንና ጎማዎቹን ሳታይ አትውጣ። ጎማ በዚህ ስፖርት ያልቃል፤ ወጪውን ከመጀመሪያው አስበው።

ከወቅቱ በኋላም ካልወጣልህ፣ ጎን ለጎን የሚሽቀዳደሙበት ደረጃም ለትንንሽ መኪና ቦታ አለው። ኤስሲሲኤ ቢ-ስፔክ የሚባል ምድብ አለው። ሆንዳ ፊት፣ ማዝዳ 2፣ ሚኒ ኩፐር፣ ፎርድ ፊየስታ የመሳሰሉት ናቸው የሚሮጡበት። እዚያ ለመግባት ሹፌሩን የሚጠብቅ የብረት ኬጅ የተበየደበት መኪና፣ እሳት የሚቋቋም ልብስ፣ የሐኪም ምርመራና የውድድር ፈቃድ ያስፈልጋል። ያን ጊዜም ያሪስህን ቆርጠህ ኬጅ አትበይድባት። ሌላው ሠርቶ፣ ሮጦ፣ ሰልችቶት የሚሸጠውን ተሠርቶ የተጠናቀቀ የውድድር መኪና ግዛ። ከባዶ ከማሠራት በብዙ ይረክሳል።